እሜቴን ማን ነካት?

እሜቴን አንድ ቀን በሕይወት ማዋል አባባን የሚያስከፍላቸው ይህን ነው፦ ለራዲያተሯ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ ለሞተሯ በሻይ ብርጭቆ የሚለካ ዘይት፣ ከአንዱ ጣታቸው ላይ የሚላጥ ቆዳ፣ ኮፈኗ ሥር ታጥፎ ሲቃና ቋ የሚል ወገብ፣ የቀዘቀዘ ቁርስ፣ አንድ ንጹህ ሸሚዝ። ገንዘቡን እሳቸውም ቆጥረውት አያውቁም። «ሰው ለገዛ ሚስቱ ያወጣውን ይቆጥራል እንዴ?» ይላሉ። ይህን ሲሉ እውነተኛዋ ሚስታቸው እዚያው አጠገባቸው ተቀምጠው ሽንኩርት ይከትፋሉ።

«ጣውንቴን እንደምን አደርሽ በልልኝ» ይላሉ እማማ፤ ቢላዋው ከወትሮው ጠንከር ብሎ ይወርዳል።

አባባ የባለቤቴ አባት ናቸው፤ እሜቴ ደግሞ መኪናቸው ናት። የገዟት ባለቤቴ ገና ሳይወለድ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን አዲስ አልነበረችም። ከዳቦ መጋገሪያ ወደ ሱቆች ዳቦ እያመላለሱ ልጆቻቸውን አሳደጉባት። መጋገሪያው የራሱን መኪና ሲገዛ፣ የኋላ ወንበሯን መልሰው ገጠሙና የሰፈሩን ልጆች ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ከሰዓት መመለስ ጀመሩ። ቀለሟ ድሮ ሰማያዊ ነበር ይባላል። አሁን ምን ዓይነት ነው ብትሉኝ የዝናብ ቀን ዓይነት ነው። የግራ በሯ እጀታ ከቁም ሳጥን የተነቀለ ነው። የኋላ መስኮቷን የሚያወጣና የሚያወርደው የሾርባ ማንኪያ ነው። «እሜቴ» ያላት የሰፈሩ ሰው ነው፤ ዝግ ብላ ስለምትሄድና ለመነሳት ስለምታስለምን።

አባባ ቀናተኛ ናቸው። በሰው አይደለም፤ እማማ ሠርግ ላይ ከማንም ጋር ሲጨፍሩ ቢያዩ ቁጭ ብለው ያጨበጭባሉ። በእሜቴ ነው። ጎረቤት ቆሞ ሲያወራ ክርኑን ጣሪያዋ ላይ ካሳረፈ፣ «ወንድሜ፣ የምትደገፈው ግድግዳ አጣህ?» ይሉታል። አንድ መኪና አጣቢ እሜቴን እያጠበ ሲያንጎራጉር ሰሙትና ባልዲውን ከእጁ ተቀበሉት አሉ። «ምን አጠፋሁ?» ቢላቸው፣ «የሌላውን ስታጥብ ስታንጎራጉር አላየሁህም» ብለው መለሱለት። ከዚያ ወዲህ ራሳቸው ናቸው የሚያጥቧት። መንገድ ላይ ስትቆም ሌላ ሾፌር «ልይልዎት?» ብሎ ከወረደ፣ ኮፈኑን ቶሎ ዘግተው ፊቱ ይቆማሉ። «ደህና ናት። ትንሽ ደክሟት ነው።»

ጥገናቸውም እንደ ቅናታቸው ነበር። የላላውን በሽቦ አስረው፣ የተቀደደውን በብስክሌት ጎማ ቁራጭ ጠቅልለው፣ ቋጠሮውን እሳቸው ብቻ በሚያውቁት መንገድ ያጠብቁታል። ለማስነሳት ቁልፉ ገብቶ ወደ ላይ ከፍ ይደረጋል፤ ነዳጅ መስጫው ይረገጥና ይለቀቃል፤ ከወንበሩ ሥር የተደበቀች ማብሪያ ትጫናለች፤ ከዚያ መሪው አጠገብ በመዳፍ አንዴ መታ። «ሌባ እንዳይወስዳት ነው» ይላሉ።

«የቱ ሌባ?» ይላሉ እማማ። «ይህችን የሰረቀ ሌባ በማግስቱ ራሱ ፖሊስ ጣቢያ ይዟት ይመጣል።»

እንዲህ ሲሉ ኖረው፣ ባለፈው ዓመት መንጃ ፈቃዳቸውን ሊያሳድሱ ሄዱ። ዓይናቸው ፈተናውን አላለፈም። ሞራ ጀምሯቸዋል፣ ለቀዶ ጥገናም ተራ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ በፊት መንዳት የለም ተባሉ። ቤት ገብተው ቁልፉን ኪሳቸው ውስጥ እያንሿሹ ተቀመጡ።

መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ። «አባባ፣ እኔ መንጃ ፈቃድ አለኝ እኮ።»

እውነቴን ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ፣ ሥራ ይገኝበታል ብዬ ያወጣሁት ነው። ከዚያ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ መንጃ ፈቃዱም መሳቢያ ውስጥ ተኛ። ባለቤቴ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል፤ የእሱ ደመወዝ ብቻውን ቤቱን አይሸከምም። የተማሪዎቹ ምልልስ ከእጃችን ከወጣ ተመልሶ አይገባም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ አባባም ያውቃሉ። ግን እንዴት እንዳዩኝ ብነግራችሁ፣ ልጃቸውን የወሰድኩት ሳያንስ እሜቴን ልቀማቸው የመጣሁ ነበር የመሰልኩት።

«መኪና መንዳትና እሜቴን መንዳት ይለያያል» አሉ።

«ያስተምሩኛላ።»

«ስታስተምራት ደግሞ ሁሉንም አስተምራት» አሉ እማማ ከወጥ ቤት። ባላቸውን ያውቋቸዋል።

አስተማሩኝ፤ ግን እንደ ስስታም ባለሙያ ነበር። ዛሬ ማብሪያዋን ያሳዩኛል፣ ነዳጅ መስጫውን ይዘሉታል። ነገ ነዳጅ መስጫውን ይነግሩኛል፣ በመዳፍ የምትመታዋን ይውጧታል። ጠዋት ልጆቹን ጭኜ ቁልፉን ሳዞር እሜቴ ኡህ ኡህ ብላ ዝም ትላለች። የግዴን እጣራለሁ፦ «አባባ! እምቢ አለች!»

እሳቸው ጫማቸውን አጥልቀው በሩ ሥር እየጠበቁ ነው። ግን ወዲያው አይወጡም። ትንሽ ይቆያሉ፣ ይስላሉ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደ ጎብኚ ሐኪም ይመጣሉ። ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ነካ ሲያደርጉላት ትነሳለች። «ትወደኛለች፤ ምን ላድርግ?» ይሉኛል። ፊታቸው ሲበራ አንጀቴን ይበሉታል፤ እኔ ደግሞ አረፍዳለሁ።

አንድ ቀን ከማመላልሳቸው ልጆች የመንትዮቹ እናት መስኮቱን አንኳኳችና፣ «የኔ እህት፣ እናንተን ጠልተን አይደለም፤ ደወሉ ግን አይጠብቀንም። ማዶ ያለው ሰውዬ አዲስ ሚኒባስ አምጥቷል። እስቲ አስቡበት» አለችኝ። ድምጿ ለስለስ ያለ ነበር፤ ለዚህ ነው የፈራሁት። የተቆጣ ሰው ይመለሳል፤ አስቦበት የመጣ ግን ወስኗል።

ያን ዕለት ለእማማ ነገርኳቸው። እማማ ሽንኩርታቸውን አስቀምጠው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «ሐሙስ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አለው፤ እኔ ይዤው እሄዳለሁ። ወረፋው ረጅም ነው። አንቺ ጣውንቴን ለሐኪም አሳዪልኝ።»

ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንድ ጋራዥ አለ። ወጣቱ መካኒክ ትምህርት ቤት እያለ መጽሐፍ ከእጁ ስለማይለይ «ቀለሜ» ይሉታል፤ አሁንም ሞተር ከመፍታቱ በፊት ስልኩ ላይ ሥዕሉን ያነባል። ኮፈኑን ከፈተና ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተው።

«እትዬ፣ ይሄ ሞተር ነው ወይስ የእጅ ሥራ?»

«ትድናለች?»

«ልቧ ጤነኛ ነው። የታመመችው በመታሰር ብዛት ነው።» አንዱን ሽቦ በጣቱ ተከትሎ ሄዶ ሄዶ መጨረሻ አጣለት። «የሠራት ሰው ግን... እንዴት ልበልሽ፣ ሌላ ሰው እንዳይገባት አድርጎ ነው የሠራት።»

ሽቦዎቹን አወጣ፣ አዳዲስ ገጠመ፤ ካርቡራቶሩን ፈትቶ አጠበ፤ የተደበቀችውን ማብሪያ ነቅሎ በእጄ ሰጠኝ። ከዚያ ቁልፉን ገና ስነካው እሜቴ ተነሳች። ተነሳች ብቻ አይደለም፣ ድምጿ ወተት እንደጠገበች ድመት ሆነ። ልጄ የኋላ ወንበር ላይ ሆና፣ «እማዬ፣ እሜቴ ተሻላት?» አለችኝ። ደስ አለኝ። ደስታዬ ምን እንደሚያስከፍል ያወቅሁት በነጋታው ነው።

በነጋታው ጠዋት ልጆቹ ገቡ፣ ቁልፉን አዞርኩ፣ ወጣን። ከግቢው በር ስታጠፍ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። አባባ ጫማቸውን አጥልቀው፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ግማሹን ቆልፈው፣ በሩ ሥር ቆመዋል። ሳሉም አልሳሉም፣ የጠራቸው የለም።

ማታ እራት ላይ እጃቸውን ሳይዘረጉ ጠየቁኝ።

«እሜቴን ማን ነካት?»

«አባባ፣ ትንሽ...»

«ማን ነካት ነው ያልኩሽ።»

«ቀለሜ ጋ ወስጃት ነበር።»

«ያ ጢሙን ያልጨረሰ ልጅ?»

«አንተ ሰውዬ፣» አሉ እማማ፣ «ያዳናትን ልጅ ታመሰግናለህ እንጂ...»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም! ድምጿን አልሰማሽም? የሰው ቤት ድምፅ ነው። እኔ ያቺን መኪና በሳሏ ነበር የማውቃት። ስትስል ምኗን እንዳመማት አውቃለሁ። አሁን ዝም ብላ ትሄዳለች። ምን ሆነች ብዬ ልወቅ?» ተነስተው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሳህናቸው እንደተከደነ አደረ።

ከዚያ ወዲያ አኮረፉኝ። አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለን በልጄ በኩል ነው የሚያናግሩኝ። «ለእናትሽ ንገሪያት፣ የቀኝ ፍሬቻዋ ይዘገያል በያት።» ልጄም በቁም ነገር ዞር ትልና፣ «እማዬ፣ ፍሬቻሽ ይዘገያል» ትለኛለች። «ለአባባ ንገሪያቸው፣ ቀለሜ አስተካክሎታል።» ልጄ ይህን ስታደርስ የአባባ ፊት እንዴት እንደሚወድቅ አይታ፣ በኋላ የራሷን መልእክት ማድረስ ጀመረች፦ «አባባ፣ እማዬ አመሰግናለሁ ብላለች።» እኔ እንዲህ አላልኩም ነበር።

የጋራዡ መንገድ በሰፈራችን በኩል ስለሆነ ቀለሜ ሲያልፍ እሜቴን አይቶ ፈገግ ይላል። አንድ ቀን እንዲያውም በመዳፉ ጎኗን ቸብ አድርጎ አለፈ። አባባ በመስኮት አዩት። እንኳን እኔ፣ ግድግዳው ራሱ የሰማ ይመስለኛል ጥርሳቸው ሲፋጭ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት እሜቴ ጨርሶ ጭጭ አለች። ኡህ እንኳ የለም። ልጆቹ ተጭነዋል። ልማዴ ይዞኝ «አባባ!» ብዬ ጮህኩ። ሳይስሉ፣ ሳይዘገዩ ወጡ። ኮፈኑን ከፍተው የባትሪውን ማሰሪያ ጠበቅ አደረጉት፤ ተነሳች። «የልጅ ሥራ ይላላል» አሉኝ፤ ቀጥታ ለእኔ፣ ልጄን መሃል ሳያስገቡ። ኩርፊያው በዚያው ቀረ። እኔም እፎይ አልኩ፤ ሰላም ወረደ ብዬ ለእማማ ነገርኳቸው። እማማ ግን በዓይናቸው ጥግ ባላቸውን አዩ።

ሌላ ቀን ደግማ ጭጭ ስትል ቀለሜ እያለፈ ነበር። አየና፣ «እትዬ፣ ይሄ ማሰሪያ በራሱ አይላላም። እኔ ነኝ ያጠበቅሁት» አለኝ። በአዲስ ቀየረው፤ ጥብቅ አድርጎ፣ የብሎኑንም አናት ወደ ውስጥ አዙሮ። አባባ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር።

ያን ሰሞን አንድ ማለዳ፣ የሰፈራችንን ዳገት ስንጋመስ፣ ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ቡልቅ ብሎ ወጣ። መስታወቱ ጭጋግ ለበሰ። ልጆቹ ጮኹ። ዳር ይዤ የእጅ ፍሬኑን ስቤ አንድ በአንድ አወረድኳቸው፤ እግረኛ መንገዱ ላይ በግድግዳው ጥግ ደረደርኳቸው። ማንም አልተነካም። መንትዮቹ እንዲያውም «በቃ ትምህርት የለም?» እያሉ ነበር። እኔ ግን ለቀለሜ ደወልኩ፤ ጋራዡ ቅርብ ነው፣ ሮጦ መጣ።

ከዳገቱ ግርጌ ደግሞ አባባ ይመጣሉ። ከግቢው በር ሆነው እንፋሎቱን አይተው ነው። ጃኬታቸውን ገልብጠው ለብሰዋል። እሜቴ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ኮፈኗ ተከፍቷል፣ ቀለሜ እስከ ትከሻው ገብቶባታል። አልቆሙም። ዞር ብለውም አላዩዋት። አልፈዋት መጡና የልጆቹን ራስ እየዳበሱ፣ እየቆጠሩ፣ እየደገሙ፣ መጨረሻ ላይ ቆማ የነበረችው ልጄ ጋ ደርሰው ጎንበስ አሉ።

«ሙቅ ውሃ ነካሽ?»

«አልነካኝም። አባባ፣ ጃኬትህ ተገልብጧል።»

ቀለሜ ከኮፈኑ ሥር ቀና አለ። በአንድ እጁ ውሃ የሚያንጠባጥብ የራዲያተር ጎማ ይዟል፤ በሌላው መያዣዋ በብስክሌት ጎማ የተጠቀለለች አሮጌ ካቻቪቴ። የጎማው ማሰሪያ ብሎን ላልቶ፣ ግፊቱ ሲበዛ ጎማው ተስፈንጥሮ ወጥቷል። ካቻቪቴዋ እዚያው አጠገቡ ተረስታ ነበር። የማን እንደሆነች የማያውቅ በሰፈሩ የለም።

ቀለሜ ካቻቪቴዋን በጨርቅ ጠርጎ ለአባባ ዘረጋላቸው። ቢስቅባቸው ይሻል ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ አባባ። «የባትሪው ማሰሪያ መስሎኝ። ባትሪው ብቻ እንዲላላ ነበር... እንዳትነሳ። እጄ የሄደበትን ዓይኔ አላየም።»

«ለምን አባባ?» አልኳቸው። መልሱን ባውቀውም ወጣልኝ።

«እንድትጠሪኝ ነዋ!» አሉ፤ እንደ መቆጣት ብለው። «ማን ይጠራኛል ከዚህ በኋላ? እሷ እንኳ አትጠራኝም።»

እማማ ከኋላ ደርሰው ነበር። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉሃል ይሄ ነው» አሉና ጃኬታቸውን አውልቀው አቃንተው አለበሷቸው። «እኔስ ስጠራህ የማትሰማው ለምንድን ነው?»

ቀለሜ ፈገግታውን ለመደበቅ ኮፈኑ ሥር ተመለሰ።

ሲወጣ ግን ፈገግታው አልነበረም። ውሃ ሳይኖራት ዳገት በመውጣቷ የውሃ ፓምፗ ነክሶ መዞር አቁሟል። ሞተሩ ተርፏል፤ ፓምፑ ግን አይጠገንም። «መቀየር ነው። የሚተካው ከተገኘ» አለ።

አልተገኘም። የመለዋወጫ ሱቆቹን አንድ በአንድ ዞርኩ። አንዱ ባለሱቅ የያዝኩትን ፓምፕ አገላብጦ አየና፣ «እህቴ፣ ይሄንን ያመረቱት ሰዎች ራሳቸው ይኖሩ ይሆን?» አለኝ። የመንትዮቹ እናትና ሌሎቹ ወላጆች ተነጋግረው፣ ትምህርት ቤቱ ለእረፍት ስለሚዘጋ እስኪከፈት ሊጠብቁን ተስማሙ። ያን ቀን እሜቴ በሩ ላይ ካልቆመች በቦታዋ ሚኒባሱ ይቆማል። ክፋት የለባቸውም። እኔም እናት ነኝ፤ እነሱን ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር።

አሁን ሁለት ሰው ፓምፕ ያፈላልግልናል። ቀለሜ በስልክ ነው፤ የሩቅ ከተማ ጋራዦች ጋ ፎቶ ይልካል። አባባ በእግር ናቸው፤ ድሮ እሜቴን የመሰለ መኪና የነበራቸውን ሰዎች በር ለበር ያንኳኳሉ። ዓይናቸው ባያይም ማን ምን እንደነበረው አይረሱም። አንዱን አግኝተው መኪናው የዶሮ ቤት ሆኖ ጠበቃቸው፤ ዶሮዋን በልመና አስነስተው ቢያዩ ፓምፑ ተሰንጥቋል። እንደዚያም ሆኖ ደስ ብሏቸው ገቡ፤ ቀለሜ እዚያ አልደረሰባትማ። ስልኬ ሲጮህ ቀድመው የሚሰሙት እሳቸው ናቸው።

«እሱ ነው? አገኘ እንዴ?»

«አላገኘም አባባ።»

«እኔም ብዬ ነበር» ይላሉ፤ እፎይታቸውን ደብቀው። ወዲያው ደግሞ የተማሪዎቹ ነገር ትዝ ይላቸውና ፊታቸው ይወድቃል። እኚህ ሰው ፓምፑ እንዲገኝም እንዳይገኝም በአንድ አፍ ሲጸልዩ እያየሁ ነው የከረምኩት።

ቁልፉን ግን ሰጥተውኛል። ትናንት ከኪሳቸው አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩት፤ ጣቶቼን ራሳቸው አጠፏቸው። ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና፣ «አንቺ እንደሆነ መጻፍ ትችያለሽ። ጻፊልኝ። ሰው ያንብበው» አሉኝ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት በዚያ ምክንያት ነው። የካቻቪቴዋን ነገር ልተወው ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ጻፊው፤ ካልነገርሻቸው ለምን እንደምለምናቸው አይገባቸውም» አሉ። የቀረው እሳቸው እንዳሉት ነው፤ ቃል አልቀየርኩም፦

«እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ግቢያችሁ ጥግ፣ አጥር ሥር፣ ሣር የበቀለባት፣ ፊቷ ላይ ሁለት ክብ መብራት ያላት፣ ኮፈኗ ወደ ፊት የሚከፈት አሮጌ መኪና ካለቻችሁ፣ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት የውሃ ፓምፗን እዩልኝ። በእጃችሁ አዙሩት፤ ሳይንቀጫቀጭ ከዞረ ደህና ነው። ጎረቤታችሁም ካለው ጠይቁልኝ። ትምህርት ቤት ሳይከፈት ይሁን፤ ልጆቹ እየጠበቁ ነው። እኔ ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ፤ የትም ቢሆን እመጣለሁ። ቀለሜ ይግጠመው፣ እጁ ደህና ነው። ምራቴ ትንዳት። ፓምፑን ግን ለእኔ ስጡኝ። እባካችሁ፣ ለልጁ አትደውሉለት፤ እኔን ጥሩኝ።»